በአለቱ ላይ ማን ቀረ

አባዬ፣

ከተለያየን ብርዱ መጥቶ ሄደ። በላይፕሲገር መንገድ ያሉት ሻይ ቤቶች ወንበሮቻቸውን እንደገና ደጅ አውጥተዋል። አንተ ያለህበት ወሬ የሚደርስ ከሆነ የእኛም ሳይደርስህ አልቀረም፤ ቢሆንም ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ሌላው ሰው አሳምሮ ነው የሚያወራልህ፣ እኔ ግን ያየሁትን እንዳየሁት እነግርሃለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እሱን አይደል?

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርህ። ዲፕሎሜን ጨረስኩ። በዚያ ላይ በሜዲትራንያን ባሕር አንዲት ደሴት ላይ የሚገኝ የጥናት ጣቢያ ለዶክትሬት ሥራ ተቀበለኝ። ከእንግዲህ ዓሦቹን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሳይሆን በገዛ አለታቸው ላይ፣ እኔ ራሴ ጠልቄ ነው የማያቸው። ደብዳቤው ሲደርሰኝ ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ፣ በሩጫ ወርጄ፣ እንደገና ወጣሁ። ጎረቤታችን አሮጊቷ ጀርመን በራቸውን ከፍተው የሆነ ነገር ተቃጠለ እንዴ ብለው ጠየቁኝ።

መልሴን የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነበር። እኔ ግን እሺም እምቢም ሳልል ከረምኩ፤ የያዘችኝ እማዬ ናት። እሷ ምን እየሆነች እንደነበር ሳላውቅ ቤቱን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ እማዬን ጠርጥሬያት ነበር።

እንዴት እንደጠረጠርኳት እንዲገባህ ዓሦቹን ላስታውስህ። አንድ ቀን የጠዋት ፈረቃህን በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በፍሉግሃፈን፣ ጨርሰህ፣ የሥራ ጃኬትህን እንደለበስክ የዓሣ ገንዳዎቹ ወዳሉበት የዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት መጣህ። ልታየኝ ነበር የመጣኸው፤ እነሱን ስታይ ግን እኔን ረሳኸኝ። ጀርመኖቹ ሜርዩንከር ይሏቸዋል፣ በድንጋያማ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ቀጫጭን ዓሦች ናቸው። ሴቶቹ ጀርባቸው ቡናማ፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ ነው። ምግብ ስጥልላቸው ሌሎቹ ተሻሙ፣ ትልቋ ግን አልተሻማችም። ቀረብ ብላ በአንድ ዓይኗ አየችው፣ ዞር ብላ በሌላው ዓይኗ አየችው፣ ከዚያ ሹል በሆነው የፊት ጥርሷ ጫፉን ቆንጠር አድርጋ ተፋችው። መብላት የጀመረችው ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው። አንተ ሳቅህን መቆጣጠር አቅቶህ፣ «ይቺ የእኛ ሰው ናት፤ የሰጧትን ወረቀት ሁሉ ዝም ብላ አትፈርምም» አልክ። ስሟንም ጠርጣሪት አልካት።

መብራቱን ሳደበዝዘው ሁሉም አንድ በአንድ አሸዋው ውስጥ ጥልቅ ጥልቅ አሉ፤ ገንዳው በአፍታ ባዶ ሆነ። እንደዚያ ተቀብረው እንደሚያድሩ ስነግርህ አሸዋውን ትክ ብለህ አየኸው። «ጠዋት የሚነሡ ከሆነስ ጥሩ ነው» አልክ።

ዋናውን ነገርም የነገርኩህ ያን ዕለት ነው። ከእነዚህ ዓሦች አብዛኞቹ ሴት ሆነው ነው የሚጀምሩት። በአንድ አለት ላይ አንድ ትልቅ ወንድ ይኖራል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ የተሰባበረ መስመር አለው። ያ ወንድ ሲጠፋ ከሴቶቹ ትልቋ ቦታውን ትይዛለች። በመጀመሪያ የሚለወጠው ጠባይዋ ነው፤ ሌሎቹን ማባረር፣ ድንበር መጠበቅ ትጀምራለች። ቀለሟ እየቆየ ይከተላል። በመጨረሻ ውስጧ ራሱ ተለውጦ አባት ትሆናለች። አንተ ወደ በሩ ዞረህ አየህና፣ «እናትሽ እንዳትሰማ» አልክ። ቀጠልክና ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቅኸኝ። «የድሮው ወንድ ቢመለስስ?» ይጣላሉ አልኩህ። «እንግዲያው ሳይመለስ ቢቀር ይሻለዋል» ብለህ ጃኬትህን ቆለፍክ።

ያልነገርኩህ ነገር ቢኖር ይህ ነው። የሥራዬ አለቃ የሆነችው ፍራው ዶክተር እንደምትለው፣ በባሕር ውስጥ ወንዱ ሲሞት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ከውስጥ ያለችው ትልቋ ሴት ትነሣለች፣ ወይ ከጎረቤት አለት ሌላ ወንድ ዘሎ ይገባል። በገንዳ ውስጥ ጎረቤት ስለሌለ ሁለተኛውን አይተነው አናውቅም። ደግሞ ቀለማቸው ከሴቶቹ የማይለይ ትንንሽ ወንዶች አሉ። ትልቁ ወንድ ልብ አይላቸውም፤ ከሴቶቹ ጋር ተመሳስለው ይቆዩና በመራቢያቸው ሰዓት ሾልከው ይገባሉ። እነዚህን በደንብ አስታውሳቸው፣ የፈረቃ ጓደኛህ ጋሼ ብርሃኑ ጋ ስንደርስ ያስፈልጉሃል።

አባዬ፣ አንተ በደመወዝህ የሻንጣ ጫኝ ሠራተኛ ነበርክ፤ በሰዉ ዘንድ ግን አስከሬን ሸኚ ነበርክ። ከእኛ ሰው አንድ በሞተ ቁጥር ስልኩ የሚጮኸው እኛ ቤት ነው። ሐበሻ እስከሆነ ድረስ የአዲስ አበባ ነው፣ የአስመራ ነው ብለህ አትጠይቅም ነበር። በእንጨቱ ውስጥ የሚገባው የቆርቆሮ ሳጥን የት እንደሚበየድ፣ የትኛው ማኅተም ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የሬሳ ፓስ የሚሉትን የማለፊያ ወረቀት ማን እንደሚሰጥ የምታውቅ አንተ ነህ። «ሰውየው በሕይወት እያለ የጉዞ ወረቀት ነፍገውት፣ ሲሞት ፓስ ሰጡት» እያልክ ለቅሶ ቤቱን ታስቀው ነበር።

የአንተ ልብ ያቆመ ዕለት ሰዉ ሁሉ የለመደውን አደረገ፤ ስልክ አንሥቶ ወደ እኛ ቤት ደወለ። ጋሼ ብርሃኑ ራሱ ደወለ። እኔ ነኝ ያነሣሁት። «አባትሽን ስጪኝ፣ አንድ አስከሬን…» አለ። መሞትህን አጥቶት አልነበረም፤ አብራችሁ ፈረቃ ላይ ነበራችሁ። እጁ ነው የደወለው።

ያንተን ሳጥን መላክ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት አንተ መጋዘን ውስጥ ቆየህ። የእማዬ ስም ከስምህ ጋር አይገጥምም ተባለ። እሷ እንደ ሀገራችን በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ ሚስቱ መሆንሽ በምን ይታወቃል አሏት። አንተ ብትኖር ኖሮ የጋብቻውን ወረቀት ከነትርጉሙ ገና ሳይጠይቁህ ከፊታቸው ታስቀምጠው ነበር። እማዬ በቢሮው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ብቻ ትጠመዝዝ ነበር፤ እኔ የምተረጉምላትን እየሰማች፣ ሚስት አይደለሽም የሚለውን በልጇ አፍ እየሰማች።

ከሸኘንህ በኋላ ቤት እንደገባን የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሬሳ ስልክ አይነሣም አልኩ። እማዬ ገመዱን መልሳ ሰካችው።

ጥርጣሬዬ የጀመረው በጃኬትህ ነው። ከበሩ ጀርባ ካለው መስቀያ ጠፋ። ለሰው ሰጥታው ይሆናል ብዬ አዝኜ ሳልጠይቃት ቀረሁ። በሌላ ቀን ከውጭ ስትመለስ ለብሳው አየኋት፤ እጀታው ተቀንሶ በልኳ ተሰፍቷል። እንደ መታሰቢያ የሚያዝ ልብስ እጀታው አይቀነስም። ለሥራ ሲሆን ነው የሚቀነሰው።

ቀጥሎ ጀርመንኛዋ መጣ። ታውቃለህ፣ እማዬ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ እንኳን እኔን ይዛ ነበር፤ የትምህርት ቤት ስብሰባዬን ራሱ እኔው ነኝ የተረጎምኩላት፣ ስለ ራሴ የተባለውን እያሳመርኩ። አሁን ግን ጠዋት ከንፈሯን ቀብታ፣ «ቴርሚን አለኝ» ትለኛለች፣ ቀጠሮ ማለቷ ነው። የምን ቴርሚን ስላት፣ «የራሴ» ትላለች። ላጅብሽ ስላት፣ «አንቺ ዓሣሽን ጠብቂ» ትለኛለች። ስልክ ሲጮህ እኔን ቀድማ ታነሣና ሽቦውን እስከ መኝታ ቤት ስባ በሩን ትዘጋዋለች። ከበሩ ወዲያ ድምጿ ይሰማል፣ ጠንካራ ነው፣ የማላውቀው ድምፅ ነው።

ከዚያ ጋሼ ብርሃኑ። ሚስቱ ትታው ከሄደች ወዲህ ብቸኛ መሆኑን ታውቃለህ። መጀመሪያ ለማጽናናት ነው የሚመጣው አልኩ። ማጽናናቱ ሲበዛብኝ ማየት ጀመርኩ። ዳቦ ይዞ ይመጣል። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ሻይ ይጠጣና ብርጭቆውን ራሱ ያጥባል፤ አይበቃውም፣ የእኛንም ያጥባል። አንድ ቀን ሽርጥ አድርጎ ድስት ሲፈትግ ደረስኩበት። እኔ ስገባ፣ «እንዴት ነው ዓሣሽ? እስካሁን አልበሰለም?» ይለኛል፣ ሁልጊዜ ይህንኑ። ሐበሻ ወንድ በሰው ቤት ሳህን ሲያጥብ ዝም ብዬ ላየው ነው? ከሴቶቹ የማይለዩትን ትንንሽ ወንዶች አስታወስኩ። ይህን ሰው የማውቀው ከሳይንስ ነው አልኩ ለራሴ።

አትቆጣኝ አባዬ። እማዬ ሰው ብታገኝ እንኳን ክፉ ነገር አይደለም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ግን ገና ነው። ደግሞ መደበቋ ምንድነው? ደሴቱ ላይ ሆኜ ስልክ ስደውል ጋሼ ብርሃኑ አንሥቶ፣ «አልበሰለም?» ቢለኝ ምን ልሆን ነው? ፍራው ዶክተር መልስ ላኪ እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔ ጠርጣሪት ፊት ቁጭ ብዬ ስለ እናቴ አስባለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጃኬትህን ለብሳ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። አዎ፣ ተከተልኳት። በምድር ውስጥ ባቡሩ በኡ-ባን ሄዳ ወደ ከተማ ዳርቻው ባቡር፣ ወደ ኤስ-ባን፣ ስትቀይር እኔ በሚቀጥለው ፉርጎ ውስጥ ጋዜጣ ገልጬ ቆሜያለሁ፤ አንድም ቃል አላነበብኩም። ከተማ ውስጥ ትወርዳለች ስል አልወረደችም። የወረደችው ፍሉግሃፈን ነው። ሻንጣ አልያዘችም። የሚመጣ ሰው አላት ማለት ነው አልኩ። ጋሼ ብርሃኑ ሙሉ ጥቁር ልብስ ለብሶ እየጠበቃት ነበር፤ ደግሞ እንደ ሙሽራ ተላጭቷል። እኔ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚሄድ ማየት ልማዴ ነው። እሷ ከፊት ሄደች፣ እሱ ከኋላዋ። ወንድ ቦታ ሲይዝ እንደዚህ አይሄድም፤ ይህን አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም።

በጭነቱ በኩል በሚያልፈው የሠራተኞች አውቶቡስ ገቡ። ቀጥሎ የመጣውን ያዝኩ። መንገዱን አንተው ነህ ያሳየኸኝ።

በጭነት መቀበያው አዳራሽ ውስጥ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተሰብስበዋል። የሞቱት የአስመራ ሰው ነበሩ፣ ሽማግሌ። ሚስታቸው በነጠላ ተሸፋፍነው ጥግ ቆመዋል፤ ልጃቸው በትግርኛ ቅላጼ አማርኛ፣ «እትዬ ወይንሸት፣ እኛ የት እንቁም?» ይላል። እትዬ ወይንሸት ማለት እማዬ ናት። በመስኮቱ ፊት ቆማ፣ በጃኬትህ፣ ከባለ መነጽሩ ሠራተኛ ጋር በጀርመንኛ ትነጋገራለች። ጀርመንኛዋ እንደ ተሰበረ ሳህን ነው፣ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ ግን አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላለችም። ሠራተኛው ወረቀቱን አገላብጦ የሚስትየዋ ስም ለምን ተለየ ብሎ መጠየቅ ሲጀምር፣ ጥያቄውን ሳይጨርስ የጋብቻውን ወረቀት ከነትርጉሙ ፊቱ ላይ አስቀመጠችለት። ሰውየው አነበበ፣ ማኅተሙን መታ። አሮጊቷ ምን እንደተጠየቀ እንኳን አላወቁም።

«አንተ ሲጋራህን አጥፋ። እናንተ በዚህ በኩል። ብርሃኑ፣ ውሃ አምጣላቸው» አለች። ጋሼ ብርሃኑ፣ «እሺ እትዬ» ብሎ ሮጠ። እትዬ አላት አባዬ፤ በዕድሜ እሱ ነው የሚበልጣት።

ያኔ ዞር ስትል አየችኝ። ይህን ሁሉ ስትደብቀኝ ከርማ ትደነግጣለች ብዬ ጠበቅሁ። «መጣሽ?» አለችኝ፣ ገበያ ልካኝ የዘገየሁ ይመስል። «በይ እኚህን እናት ደግፊያቸው።» ሄጄ ደገፍኳቸው። ክብደታቸውን ሁሉ ክንዴ ላይ ጣሉት።

ስንመለስ በባቡሩ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ሌላ ነገር ጠርጥሬ እንደነበር ነገርኳት። ማንን ስትለኝ ጋሼ ብርሃኑን አልኳት። እንዲህ ስትስቅ ከሄድክ ወዲህ አይቻት አላውቅም፤ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። «ብርሃኑን? ሚስቱ በምን ምክንያት የሄደች ይመስልሻል? ሳህን ማጠብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው እጁን ያንቀሳቅሳል ብዬ።»

የዓሦቹን ነገርም አወራኋት። ከጎረቤት የሚገባ ወንድ ስፈልግ ዋናውን አላየሁትም አልኳት፤ ጠባይ ከቀለም እንደሚቀድም እያወቅሁ። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። «አባትሽ ነግሮኛል። በዚያው ቀን ነው የነገረኝ፣ ራት ላይ። እና ያቺ ዓሣ አባት ስትሆን ካልሲዋን ማን ያጥብላታል?»

ቀጥላ ግን ሳቋን ተወች። እኔ አባትሽን አልሆንኩም አለችኝ። «እሱ ሰው አይቆጣም ነበር፣ እኔ እቆጣለሁ። እሱ ያስቃቸው ነበር፣ እኔ ማሳቅ አላውቅም። እኔ እዚያ ቢሮ፣ ሚስቱ አይደለሽም ባሉኝ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሌላ ሴት እንዳትቀመጥበት ነው እንጂ የእሱን ቦታ ፈልጌ አይደለም።» ለምን ደበቅሽኝ ስላት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ብነግርሽ ወይ ስልኩን ትነቅይዋለሽ፣ ወይ ላግዝሽ ብለሽ ትቀሪያለሽ። ሁለቱንም አልፈለግሁም። ያን ደብዳቤ ያገኘሽ ቀን ደረጃውን ስትሮጪ ሰምቼሻለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ጣቢያው ደውዬ እመጣለሁ አልኩ። ሻንጣዬ አሁን አልጋው ላይ ተከፍቶ ነው ያለው። እማዬ በወዲያኛው ክፍል ስልክ ላይ ናት፣ በሩን አልዘጋችውም። አንድ ሰው የጋብቻና የሞት ወረቀት ከሚሰጥበት መዝገብ ቤት፣ ሽታንደስአምት፣ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል መሰለኝ፣ «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ፣ አንተ ዝም በል፣ እኔ ነኝ የማወራው» ስትለው ይሰማኛል። በጋሼ ብርሃኑ ላይ ያለኝን ጥርጣሬ ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፤ ትናንት ድስቱን ሲፈትግ ያፏጭ ነበር። ካለህበት ሆነህ ዓይንህን ጣል አድርግበት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ያን ቅዳሜ ሳጥኑ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል እማዬ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳርፋ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንተም እንደዚያ ታደርግ እንደነበር ጋሼ ብርሃኑ ነገረኝ፤ ሁልጊዜ፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት። ምን ትላቸው እንደነበር ጠየቅሁት። ድምፅህን ዝቅ ስለምታደርግ ሰምቶ አያውቅም። እማዬንም ጠየቅኋት፣ እሷም አታውቅም፤ አንተ ለሟቾቹ የምትለውን ለእሷ ነግረሃት አታውቅም። ስለዚህ የራሷን ነው የምትለው። ወዴት እንደሚሄዱና ማን እንደሚቀበላቸው ትነግራቸዋለች፣ በሳጥን ውስጥ ሆነው ግራ እንዳይገባቸው።

ላንተ ግን ያን ቀን ምንም ያለህ ሰው አልነበረም። እኛ ወረቀት ይዘን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስንሮጥ በሩ ተዘጋ። ብዙ ሰው ሸኝተህ አንተ ያለ ቃል ሄድክ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ደሴቱ ላይ፣ ውሃው ውስጥ መናገር አይቻልም፤ ከውሃ በወጣሁ ቁጥር ግን መጀመሪያ የማወራው ለአንተ ነው፣ ያየሁትን ሁሉ እንዳየሁት። ከአፌ አትጠፋም። አሁን ግን ያን ዕለት ሊባል የሚገባውን፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ መዳፌን በዚህ ወረቀት ላይ አድርጌ ልበልህ። አባዬ፣ ወረቀትህ ተሟልቷል። የምትሄደው ወደ እናትህ አገር ነው። ወንድሞችህ ከበሩ ወዲያ ቆመው ይጠብቁሃል፤ ስምህን ጠርተው ነው የሚቀበሉህ። እኛ ደህና ነን። ግባ።

ልጅህ